የሚሄድ አሸዋ

ማክሰኞ፣ ጎርፉ ካለፈ በሦስተኛው ቀን

አባባን ወደ ቤቴ አመጣሁት። ልብስ የምተኩስበት የኋላ ክፍል ውስጥ አልጋ ዘረጋሁለት። ይዞ የመጣው የለበሰውን ብቻ ነው፤ እሱም የሰው ነው። ሱሪው አጥሮበት ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ቀርቷል። በሌላ ጊዜ ቢሆን «አባባ፣ ወንዝ ልትሻገር ነው እንዴ?» ብዬ እስቅበት ነበር።

ልብስ ሰፊው ዛሬ ተቀበሩ። ከአባባ ጋር ሃያ ስድስት ዓመት አንድ ግድግዳ ተጋርተው የኖሩ ጎረቤቱ ናቸው፤ የካርታ ጨዋታ ባላንጣው፣ የልጅነት ዩኒፎርሜን ሁሉ የሰፉልኝ ሰው። ሚስታቸውን ጣሪያ ላይ ካወጡ በኋላ ግድግዳው ተደረመሰባቸው። ከታችኛው ሰፈር የሞተው ሦስት ሰው ነው። ውሃው ግንቡን አልፎ ገባ።

ይህን ግንብ ውሃ አያልፈውም ብሎ የፈረመው የኛ መሥሪያ ቤት ነው። ቁጥሩን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ይኸው ጻፍኩት። አሁን ልተኛ።

ረቡዕ፣ አራተኛ ቀን

ስልክ አያርፍም። አጣሪ ኮሚቴ ተቋቁሟል። አለቃችን ዛሬ አልጮኸም። በኛ ዘንድ ስሙ «ቶሎ በሉ» ነው፣ ከአፉ ሌላ ቃል ስለማይወጣ ያወጣንለት። ዛሬ ግን በሩን ዘግቶ ዋለ። የስሌቱን ፋይል ይፈልጋሉ። ፋይሉ እኔ መሳቢያ ውስጥ ነው። ነገ እሰጣለሁ።

የቢሯችን ካርታ ሠሪ ሻይ ስናፈላ «ያንቺ ጥፋት አይደለም እኮ፣ ተፈጥሮ ነው» አለችኝ። እኔ ምንም አልጠየቅኋት።

ሐሙስ፣ አምስተኛ ቀን

የኮሚቴው ሰብሳቢ «እኛ የውሃ ሰዎች አይደለንም፣ ለእናታችሁ እንደምታስረዱ አድርጋችሁ አስረዱን» ብለው ደብዳቤ ጽፈዋል። እናቴ በሕይወት የለችም፤ ብትኖር እንዲህ እላት ነበር።

ውሃ የሚሄድበት ወለል ለስላሳ ከሆነ ቶሎ ያልፋል። ሸካራ ከሆነ ይጎተታል። የተጎተተውን ውሃ ከኋላ የሚመጣው ይደርስበትና ውሃው ከፍ ይላል። ስለዚህ ግንቡ ስንት ሜትር ይሁን ከማለታችን በፊት፣ የወንዙ ወለል ምን ያህል ሸካራ እንደሆነ መገመት አለብን። ከውሃው በታች ነውና ገብተን አንዳብሰውም። ጀልባ ላይ ሆነን ጫፉ ላይ ብረት የታሰረበት ገመድ እንጥላለን፤ ብረቱ መሬት ሲነካ ጥልቀቱን እናነባለን። ሁለት ሜትር እንሄዳለን፣ እንደገና እንጥላለን። ከዚያ ቢሮ ተመልሰን አንድ ቁጥር እናወጣለን። ትልቅ ቁጥር ሸካራ ነው፣ ትንሽ ቁጥር ለስላሳ።

የኔ ቁጥር ዜሮ ነጥብ ዜሮ ሃያ ሁለት ነው። ለስላሳ።

ገመዱን የጣለው አባባ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በዚያ ወንዝ ላይ ለኪ ሆኖ ሠርቷል። እኔ ተምሬ እዚያው መሥሪያ ቤት ስገባ «እንግዲህ ወንዙን ለሁለት ተካፈልነው፣ እርጥቡ የኔ፣ ደረቁ ያንቺ» አለኝ። ቢሮ ውስጥ «ለኪው» ነበር የምለው። አባቴ መሆኑን በረኛው ሳይቀር ያውቃል፣ እኔ ግን ሰው ፊት አንድ ቀን አባባ ብዬ አልጠራሁትም። ለሥራው ሥርዓት ብዬ ነው።

ቅዳሜ፣ ሰባተኛ ቀን

ሳሉ ብሶበታል። ሐኪሙ የጠጣው ቆሻሻ ውሃ ሳንባውን አቁስሎታል አለ። ኪኒን፣ ሙቅ ነገር፣ ዕረፍት። አባባና ዕረፍት! በአምስት ቀን ውስጥ የሁሉንም በር ማጠፊያ ዘይት ቀብቶ ጨርሷል፤ አሁን ቤቱ ውስጥ ሰው ሲገባና ሲወጣ አይሰማም።

ጠዋት ሻይ ስሰጠው ብርጭቆው እጁ ውስጥ ተንቀጠቀጠና ጉልበቱ ላይ ፈሰሰበት። እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። እንዳላየ ሆኜ ጨርቅ አቀበልኩት። እሱ ግን እጁን ከፍ አድርጎ ትክ ብሎ አየው።

«ይቺ ናት» አለኝ።

«ምኗ?»

«ጓደኛዬን የገደለችው ይቺ ናት። የለኪው እጅ ይንቀጠቀጣል ብላችሁ ጽፋችሁ የለ? ልክ ናችሁ። ተንቀጥቅጣ የማይረባ ነገር ለካች፣ እናንተም እሱን ይዛችሁ ግንብ ሠራችሁ። ምን ታደርጉ።»

«ተው አባባ። እንዲህ አይባልም።»

«እውነት ከሆነ ለምን አይባልም? ኮሚቴው ሲጠራኝ ሄጄ እናገራለሁ። ሚስቱ ፊትም እናገራለሁ።»

ብርጭቆውን ተቀብዬው ወጣሁ። የለኪው እጅ ይንቀጠቀጣል ብለው የጻፉትን ሰዎች ስም ነገ እጽፋለሁ።

እሑድ፣ ስምንተኛ ቀን

የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንድ ሰው ነው፣ ሰዎች አይደሉም።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከድልድዩ ጀምሮ ሁለት መቶ ሜትር ቁልቁል አባባ ሁለት ዙር ለካ፤ ሁለተኛውን ከመጀመሪያው በሦስተኛው ቀን። ሁለት ጊዜ የምንለካው አንዱ ሌላውን እንዲያረጋግጥ ነው። አላረጋገጠም። የመጀመሪያው ዙር ሁለት ሜትር ከአርባ ያለበት ቦታ ላይ ሁለተኛው ሦስት ሜትር ከአሥር ይላል። ጉብታ ባለበት ጉድጓድ፣ ጉድጓድ ባለበት ጉብታ። ወንዙ ያው፣ ቦታው ያው፣ ሰውየው ያው። ቶሎ በሉ የቢሮዬ በር ላይ ቆሞ ቶሎ በሉ ይላል፤ ግንበኞቹ ሲሚንቶ አስጭነው ቁጥሩን ይጠብቃሉ። እኔ ደግሞ በዚያው ሰሞን እጁ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። እና ሁለቱን ዙር ደምሬ ለሁለት አካፈልኩ። ጉብታውና ጉድጓዱ ተጠፋፉ። ወለሉ እንደ ጠረጴዛ ለጥ አለ። ከሥሩም «ልዩነቱ ከለኪው የእጅ መንቀጥቀጥ የመጣ ስለሆነ ተስተካክሏል» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።

በወሩ ከጀልባው አወረዱት። ሽኝት ተደረገለት። የሰጡት ጃንጥላ ነው። «ሠላሳ አንድ ዓመት ከታች ስርስ ኖሬ፣ አሁን ከላይ እንዳልርስ አሰቡልኝ» ብሎ አዳራሹን በሳቅ ገደለው። እኔም ሳቅኩ።

ያኔ፣ ስሌቱን ስሠራ፣ ማድ ቤት ውስጥ አንድ ነገር ብሎኝ ነበር። በደንብ አላስታውሰውም።

ሰኞ፣ ዘጠነኛ ቀን

ጀልባው ላይ የተጻፉትን የመጀመሪያዎቹን ቅጾች ከመዝገብ ቤት አስወጣሁ። አልከፈትኳቸውም። ስብሰባ ነበር።

ማክሰኞ፣ አሥረኛ ቀን

ምሳ ሰዓት ላይ ሁሉም ሲወጣ ከፈትኳቸው። የአባባ ጽሑፍ ጎበጥ ጎበጥ ያለ ነው፣ ከቁጥሮቹ ግን አንዱም አልተሰረዘም። እያንዳንዱን ዙር በስስ ወረቀት ላይ ሳልኩትና መስኮቱ መስታወት ላይ አንዱን በሌላው ላይ ደርቤ ያዝኳቸው። ያው ነው፤ የአንዱ ጉብታ በሌላው ጉድጓድ ላይ።

ለምን እንደገፋሁት አላውቅም። የላይኛውን ወረቀት በመዳፌ ወደ ቁልቁለቱ አቅጣጫ ገፋ አደረግኩት። ሁለት ሜትር። አምስት። ስምንት። አሥራ አንድ ሜትር ላይ ሲደርስ ገጠመ። ዘጠኝ ጉብታ ነው ያለው፤ ዘጠኙም ገጠሙ። ልዩነታቸው ሁለት ሴንቲ፣ ሦስት ሴንቲ። ከዚያ አይበልጥም። በጤነኛ እጅም እንዲህ አይለካም።

አሸዋው እየሄደ ነበር። ውሃው ከጉብታው ጀርባ አሸዋ ያነሳል፣ አናቱን አሻግሮ ከፊቱ ይጥለዋል፣ ጉብታው እንዲሁ እየተንከባለለ ቁልቁል ይጓዛል። በሦስት ቀን አሥራ አንድ ሜትር ተጉዟል። ከአንዱ ጉብታ እስከ ሌላው ሃያ ሁለት ሜትር ነው። ለሁለት ሳካፍላቸው እርስ በርስ የተጠፋፉት ለዚህ ነው፤ ጉብታው ሄዶ ሄዶ ልክ የጎረቤቱ ጉድጓድ የነበረበት ቦታ ላይ ቆሞ ነበር። ይህን እኔ ተምሬዋለሁ። ፈተና ላይ መጥቶልኝ ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ።

ጉብታዎቹን መልሼ አስገብቼ አሰላሁ። ዜሮ ነጥብ ዜሮ ሠላሳ አራት። ውሃው ካልኩት አንድ ሜትር ከፍ ይላል። ግንቡን ከስሌቱ በላይ አርባ ሴንቲ ጨምረንበት ነበር፣ ለጥንቃቄ። የቀረው ስልሳ ነው። የጭቃው ምልክት ግንቡን በስልሳ ሁለት እንዳለፈው ያሳያል።

ካርታ ሠሪዋ ገብታ «ምን አገኘሽ?» አለችኝ። ምንም አልኳት። ወረቀቶቹን አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

ሐሙስ፣ አሥራ ሁለተኛ ቀን

አክስቴ መጣች። የአባባ ታላቅ እህት ናት፤ ምላሷ ለማንም አይመለስ። ገና ከበሩ «ይሄ ሰውዬ ከወንዝ ወጥቶም እንደ ዓሣ ተጋድሟል?» አለች። አባባ ከጎርፉ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና ዓይኑ እስኪያለቅስ ድረስ ያዘው። ጀርባውን እየመታች «አይ፣ ሳቅም አልተፈቀደልህ» ትለዋለች።

ምሳ ይዤ ስሄድ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ዘይት የጠጣ በር ነው፣ መምጣቴን አልሰሙም።

«ልጅህ ምነው እንዲህ ከሳች? ታማለች እንዴ?» አለች አክስቴ።

«በኔ ነው» አለ አባባ። «ቢሮ ውስጥ በኔ የተነሳ አንገቷን ደፍታ ነው የምትውለው። ያንን ያህል ተምራ፣ ስሟ የአባቷ እጅ ባበላሸው ሥራ ላይ ተጽፎ ቀረ። አሳፈርኳት እህቴ። አፍ አውጥታ አትናገረኝም እንጂ አሳፍሬያታለሁ።»

ሳህኑን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ምግቡ እስኪቀዘቅዝ። አልገባሁም። አንድ እርምጃ ነበር የሚበቃው።

ዓርብ፣ አሥራ ሦስተኛ ቀን

ወረቀቶቹን ለቶሎ በሉ አሳየሁት። ሰነፍ ሰው አይደለም፤ ወዲያው ነው የገባው። መስኮቱ ላይ ራሱ ይዞ ገፋው፣ ሲገጥም ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

«ይሄን ሌላ ማን አየ?»

«ማንም።»

«ትልቅ ጎርፍ ሲመጣ ጉብታው ታጥቦ ይጠፋል፣ ወለሉ ተመልሶ ለስላሳ ይሆናል የሚባል ነገር አለ አይደል? እሱን ጻፊ።»

አለ። ውሃው እጅግ ሲፈጥን ጉብታው ይጠፋል። እኔም ሌሊቱን ሙሉ ይህንኑ ሙጥኝ ብዬ ነበር ያደርኩት። ግን የድልድዩ ጠባቂ በጎርፉ ቀን ተንሳፍፈው የሚያልፉትን ግንዶች ፍጥነት በእጅ ሰዓቱ ለክቶ መዝግቧል፤ ውሃው ለዚያ የሚበቃ ፍጥነት አልነበረውም። እየተጎተተ ነው የመጣው። ይህን ነገርኩት።

«እንግዲያው ለኪው አለ። ፋይሉ ላይ ያንቺው ጽሑፍ ተቀምጧል። ጡረታ የወጣ ሽማግሌ ነው፣ ምን ያደርጉታል? ራሱም ሊመሰክር ፈቃደኛ ነው አሉኝ።»

«አባቴ እኮ ነው» አልኩት። በዚያ ሕንፃ ውስጥ ይህን ቃል ስናገር የመጀመሪያዬ መሰለኝ።

«አውቃለሁ» አለኝ። አልጮኸም፣ እንዲያውም አዝኖ ነበር። «ለዚህም ነው ይቅር የሚልሽ። እኔን ኮሚቴው ይቅር አይለኝም። በይ ቶሎ በይና ዝም በይ።»

አባባ የሚቀርበው የፊታችን ሐሙስ ነው። ስድስት ቀን አለኝ።

እሑድ፣ አሥራ አምስተኛ ቀን

አልነገርኩትም። ተኝቶ ነበር።

ሰኞ፣ አሥራ ስድስተኛ ቀን

አልነገርኩትም። ሰው መጥቶ ነበር።

ማክሰኞ፣ አሥራ ሰባተኛ ቀን

አልነገርኩትም። ብቻውን ነበር፣ ነቅቶ ነበር፣ ሳሉም ጋብ ብሎለት ነበር። «ምን ልትይኝ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ ሁሉ። «ኪኒንህን ዋጥክ?» አልኩት።

ረቡዕ፣ አሥራ ስምንተኛ ቀን

ዛሬ በረጅሙ ነው የምጽፈው፤ ካልጻፍኩት ነገ ለራሴም ሌላ አድርጌ እናገረዋለሁ።

ከሰዓት በኋላ ጠራኝ። ጢሙን ተላጭቷል፤ አገጩ ሥር ሁለት ቦታ ቆርጦታል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ወረቀት ይዟል። «ለነገ የምናገረውን ጽፌዋለሁ፣ እስቲ ቋንቋውን አስተካክይልኝ፣ ከተማሩ ሰዎች ፊት ነው የምቆመው» አለኝና ማንበብ ጀመረ። «እኔ ለኪው፣ እጄ መድከሙን እያወቅሁ፣ ከሥራዬ እንዳልወጣ ብዬ በመደበቄ፣ የሦስት ሰው ነፍስ…»

ወረቀቱን ከእጁ ነጠቅኩት። መንጠቅ ነው ያደረግኩት፣ በአባቴ ላይ። ከቦርሳዬ ሁለቱን ስስ ወረቀቶች አውጥቼ የክፍሉ መስኮት ላይ ደርቤ ያዝኩ። «ና እየው» አልኩት። ማብራራት ጀመርኩ። ማብራሪያ ግን አላስፈለገው። የራሱን ቁጥሮች አወቃቸው። እጁን ዘርግቶ የላይኛውን ወረቀት ገፋ አደረገው፤ እየተንቀጠቀጠ፣ ግን ቀጥ አድርጎ። ገጠመ።

«አየሽ!» ብሎ ጮኸ። «አየሽ! ገጠመ እኮ! ዘጠኙም!» ፊቱ በራ፤ ልጅ መሰለ። ወደኔ ዞሮ አቀፈኝ። «ሄዷል! ስንት ሜትር ነው? አሥራ አንድ? በሦስት ቀን?» እንዲያ ደስ ብሎት አይቼው የማውቀው ዲግሪዬን የተቀበልኩ ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ ደስታው ቀስ እያለ ወረደ። እቅፉ ሲላላ ተሰማኝ።

«እንግዲያ የተስተካከለው… ማነው ያስተካከለው?»

«እኔ።»

«ካወቅሽው ስንት ጊዜሽ ነው?»

«ስምንት ቀኔ ነው።»

አልጋው ላይ ተቀመጠ። መስኮቱ ላይ የቀረው ወረቀት ተንሸራቶ ወደቀ፤ ሁለታችንም አላነሳነውም።

«ነግሬሽ ነበር» አለ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ። «ማድ ቤት ውስጥ፣ ሽንኩርት ስትልጪ። ወለሉ ይሄዳል ልጄ፣ ትናንት የነካሁት ጉብታ ዛሬ እዚያ የለም አልኩሽ።»

አስታውሰዋለሁ። ሁልጊዜም አስታውሰው ነበር። እዚህ ደብተር ላይ በደንብ አላስታውሰውም ብዬ የጻፍኩት ውሸት ነው። «አባባ፣ ወለሉ አይሄድም፣ አንተ ገመዱን ጠበቅ አድርገህ ያዝ» አልኩትና ሳቅኩ። በማግስቱ ቢሮ ሄጄም ለሰዎቹ አወራሁላቸው፤ እነሱም ሳቁ።

«አንቺ ስትስቂ እኔ አፈርኩ» አለ። «ተምራለች፣ አልኩ። እውነትም እጄ ነው፣ አልኩ። ተቀበልኩት።» ከዚያ እኔን ሳያይ፣ ወደ ግድግዳው እያየ ቀጠለ።

«ጎርፉ የመጣ ቀን ማምሻውን ወንዙን ሄጄ አየሁት። ፊቱ እዚህም እዚያም ይፈላ ነበር። እንዲያ የሚፈላው ሥሩ ላይ ትልልቅ ጉብታ ሲኖር ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት አይቼዋለሁ። ይሄ ውሃ ይቆለላል፣ ግንቡን ያልፋል አለኝ ልቤ። ስመለስ ልብስ ሰፊው ሻንጣውን ይዞ በሬ ላይ ቆሟል። እንሂድ አለኝ። እኔ ደግሞ ለራሴ፣ እጅህ የተንቀጠቀጠ ሰውዬ፣ ልብህስ ለምን ይታመናል፣ አልኩ። እሱን ምን አልኩት መሰለሽ? ግባና ተኛ፣ ግንቡን ያሰላችው ልጄ ናት፣ አልኩት።»

እግሩ ሥር ተንበረከክሁ። ይቅርታ የሚለውን ቃል ስንቴ እንዳልኩት አላውቅም።

«እጄን ትቼ አንቺን አመንኩ» አለ። «ተነሺ፣ ወለሉ ይቀዘቅዛል።»

ሸክሙን ላወርድለት ነበር የነገርኩት። ከበፊቱ የባሰ ሰጠሁት። በፊት እጁ ነበር ጥፋተኛው፤ እጅ ያረጃል፣ ምን ይደረጋል። አሁን እያወቀ ነው ጓደኛውን ግባና ተኛ ያለው።

ሐሙስ፣ አሥራ ዘጠነኛ ቀን

ቀድሜ ገባሁ። ወረቀቶቹን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩ። ልኬቱ ትክክል ነበር፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ለኪው በጊዜው ነግሮኝ ነበር፣ አባቴ ነው አልኩ። ቶሎ በሉ መሬት መሬት ያያል። እሱ ያለኝንም ተናገርኩ። የመሥሪያ ቤት መታወቂያዬን ተቀበሉኝ። ፍርዱ ወደፊት ነው።

አባባን «እርስዎስ የሚጨምሩት አለ?» አሉት። «እኔ የነካሁትን ነው የጻፍኩት» ብሎ ተቀመጠ። የጻፈውን ወረቀት ከኪሱ አላወጣውም።

ወደ ቤት ስንመለስ ሦስት እርምጃ ቀድሞኝ ሄደ። መንገድ ስንሻገር ልማዱ ክንዴን መያዝ ነበር። ዛሬ አልያዘኝም።

ቅዳሜ፣ ሃያ አንደኛ ቀን

የሰጠሁትን ይበላል። «አመሰግናለሁ» ይለኛል። እንደ እንግዳ። አልጋውን ራሱ ያነጥፋል፣ ሳህኑን ራሱ ያጥባል፤ ሁለት ብርጭቆ ሰብሮ ስብርባሪውን በጋዜጣ ጠቅልሎ አስቀምጧል። ቢሰድበኝ፣ ቢመታኝ፣ እጄን ዘርግቼ እቀበል ነበር።

አክስቴ ሁሉንም ሰማች። እኔንም አልማረችኝ፣ «ከራስሽ ሌላ የሚያውቅ የለም ብለሽ አድገሽ፣ ጥፋቱ የኛ ነው» አለችኝ። ከዚያ ስትወጣ በሩ ላይ ራሴን ዳሰሰችኝ። «ተይው፣ አትጨቅጭቂው። ሐዘኑን ይጨርስ።»

ሐዘን ይጨረሳል እንዴ?

ሰኞ፣ ሃያ ሦስተኛ ቀን

ጠዋት አባባን ጫማውን አድርጎ፣ ኮቱን ለብሶ፣ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ወደ ልብስ ሰፊው ቤት ሊሄድ ነበር። እግሩ እምቢ አለው፤ እጀታውን ይዞ ቆሞ ቀርቷል። «አንቺ ሂጂ» አለኝ። «የራስሽንም ንገሪያት፣ የኔንም። ግባና ተኛ ያልኩት እኔ መሆኔን ንገሪያት። አንዱንም እንዳታስተካክዪ።»

ሄድኩ። የልብስ ሰፊው ባለቤት በቀረላቸው አንድ ክፍል ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጠው የስፌት መኪናውን ፈትተው፣ እያንዳንዱን ብረት በጨርቅ እየወለወሉ ጋዜጣ ላይ ይደረድራሉ። የጭቃው መስመር ግድግዳው ላይ ከትከሻዬ ይበልጣል። ተቀመጪ አሉኝ። ቆሜ ነገርኳቸው። ወረቀቱን፣ ጉብታውን፣ ማድ ቤቱን፣ ሳቄን። ከዚያ የአባባን። እጃቸው አንድ ጊዜ ብቻ ቆመ፤ ግባና ተኛ የሚለው ላይ።

«ሻንጣውን ይዞ ሲመለስ እኔ እዚህ ነበርኩ» አሉ። «ለኪው ምን አለ ስለው፣ ግንቡ ውሃውን ይይዘዋል ብሏል አለኝ። እኔ ደስ አለኝ። በዚያ ዝናብ ቤቴን ጥዬ መውጣት ፈርቼ ነበር። ሻንጣውን ከእጁ ተቀብዬ የፈታሁት እኔ ነኝ። ቢከራከርም አልሄድለትም ነበር። ይሄን ለአባትሽ ንገሪው።»

«እሺ» አልኩ። መውጣት ነበረብኝ። አልወጣሁም። «እኔንስ?»

ቀና ብለው አዩኝ። ፊታቸው ላይ ጥላቻ የለም፣ ድካም ብቻ ነው። «አንቺን ይቅር ልልሽ አልችልም ልጄ። ወደፊት እንደሆነ እንጃ። ዛሬ አልችልም።»

ቤት ስመለስ አባባ ኮቱን ሳያወልቅ አልጋው ላይ ተጋድሟል። የሴትየዋን ቃል አንድም ሳልጨምር፣ አንድም ሳልቀንስ ነገርኩት። ሻንጣውን እንደፈቱት ስነግረው ዓይኑን ጨፈነ፣ እንባው በጆሮው በኩል ወረደ።

«ለኔ ብላ ነው እንዲህ ያለችው» አለ። ወደኔ ዞረና፣ «አንቺንስ ምን አለችሽ?»

«ይቅር ልልሽ አልችልም አሉኝ። ዛሬ አልችልም አሉ።»

ሳለ፤ ውሃ ሰጠሁት፤ ብርጭቆውን አብረን ይዘን ጠጣ።

«እኔም ገና ነኝ ልጄ» አለኝ።

ከዚያ እግሩን ሰብሰብ አድርጎ አልጋው ላይ ቦታ ለቀቀልኝ፣ እኔም ተቀመጥኩ።